የግራው አሞርዛተር

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽ ተሻለው? ደረጃውን ያለ ምርኩዝ መውረድ ጀመርሽ ወይስ አሁንም ጎረቤቶችሽን ነው የምትጠሪው? ጆሮሽስ? ባለፈው ደውዬ «ደኅና ነኝ» ስልሽ «ምን አይተህ ነው የደነገጥከው?» ካልሽኝ ወዲህ ቁም ነገርን በስልክ ላለማውራት ወስኛለሁ። አንቺም ብትሆኚ በጽሑፍ ነው የሚሆንልሽ፤ ደብዳቤ ላይ የምታመልጥሽ ቃል የለችም።

እኔ ደኅና ነኝ ብዬ ልቀጥል ነበር። ግን ዛሬ የተቀመጥኩት እውነቱን ልነግርሽ ነውና ደኅና አይደለሁም። ጽሕፈቱንም አይተሽ ግራ ሳይገባሽ አልቀረም። የእኔን ፊደል ታውቂዋለሽ፤ እንደ ተሰለፈ ተማሪ ቀጥ ብሎ የሚቆም ነው። ይህኛው ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ምናልባት ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ አውቀሽው ይሆናል። አውቀሽውም ከሆነ እስከ መጨረሻው ታገሺኝ። በተራው መሄድ እንደምወድ ታውቂያለሽ።

በደብዳቤሽ ላይ «የልጄ ድምፅ እንደ ወትሮው አይደለም፤ ምን ሆንክ ስለው ሥራ በዝቶ ነው ይለኛል፤ አብሮህ ነውና እውነቱን ጻፍልኝ» ብለሻል። ሥራ አልበዛበትም። እንዲያውም ሥራ ላይ የለም። ከሐሙስ ጀምሮ ታግዶ ቤት ነው ያለው። ነገ ጠዋት የሚሠራበት የአውቶቡስ ማኅበር ቦርድ ይሰበሰብና ጉዳዩን ያያል። በያዙት ሐሳብ ከጸኑ አዲስ ዕቃ ሸጦ አሮጌ ገጥሟል ብለው ያሰናብቱታል። ከዚያ በኋላ በዚህ ከተማ የትኛው ጋራዥ እንደሚቀበለው እንጃ።

ልጅሽ ሌባ አይደለም እትዬ። ይህን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ሐሙስ ዕለት አፌን የዘጋሁትም እኔው ነኝ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቤት መዋል እንዳቃተኝ ነግሬሽ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከልጅሽ ጋር እየወጣሁ ጋራዡ እሄዳለሁ። የፋብሪካ ሠራተኞች የሚያመላልሱ አውቶቡሶች የሚጠገኑበት ግቢ ነው። እሱ እዚያ ዋና መካኒክ ነው፤ እኔ ደግሞ በቆርቆሮው ጥላ ሥር አንድ ወንበር አለኝ። ኃላፊው ጨዋ ሰው ነው፤ «መምህር» እያለ ያከብረኛል፤ ግን አንድ ጥብቅ ደንብ አለው። አንድ እንግዳ ጣቱን ክሪክ ሥር ካስጨፈለቀ ወዲህ ተቀጣሪ ያልሆነ ሰው መኪና እንዲነካ አይፈቅድም። «እርስዎ ያማክሩን እንጂ እጅዎን አያቆሽሹ» ብሎኛል።

ልጅሽ ግን ያውቀኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ስለ መኪና ሳስተምር ኖሬ ወንበር ላይ ተቀምጬ ማማከር ብቻ እንደማይበቃኝ ገብቶታል። ኃላፊው መለዋወጫ ሊገዛ ሲወጣ ጠብቆ፣ በዓይኑ ይጠራኝና «አጎቴ፣ ርእሰ መምህሩ ወጥቷል፤ ይግቡ» ይለኛል። ኮቴን አውልቄ እገባለሁ። እትዬ፣ ከቀኑ ሁሉ የምኖረው ያችን ሰዓት ነበር።

አሁን ደግሞ ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። ከባለፈው ክረምት ጀምሮ የቀኝ እጄ ጣቶች እየከዱኝ ነው። ሐኪሙ የነርቭ ነው፣ ብዙም አይድንም ብሎኛል። ለማንም አልተናገርኩም። ጋራዡ ውስጥ ቀለል ያለውን መፍቻ እመርጣለሁ፤ የጠበቀ ብሎን ሲገጥመኝ «እዚህ ጋ ብርሃን የለም፣ አንተ ሞክረው» እላለሁ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ስለ ልጅሽ ባለፈው አንድ ክስ እንዳቀረብኩልሽም ታስታውሻለሽ። ክዳን አይዘጋም ብዬሽ ነበር። የዘይቱን ጠርሙስ፣ የስኳሩን ዕቃ፣ የመድኃኒቴን ብልቃጥ ሁሉ እላዩ ላይ ጣል አድርጎ ነው የሚተወው። አንድ ቀን የስኳሩን ዕቃ ክዳኑን ይዤ ሳነሣው ስኳሩ በሙሉ ወለል ላይ ፈሰሰ፤ ጉንዳን ወረረን። «አንተ ብሎን አጥባቂ ነህ ወይስ ብሎን ፈቺ? ክዳን ማጥበቅ መቼ ነው የምትማረው?» ብዬ ጮኽኩበት። «እሺ አጎቴ፣ ጥፋቴ ነው» አለኝ። በማግሥቱ ሁሉም እንደገና ላልቶ አገኘሁት። አንቺ ደግሞ «እኔ ዘንድ ሳለ አጥብቆ እየዘጋ ነበር የሚያስቸግረኝ፤ ይህን አመል ከየት አመጣው?» ብለሽ መለስሽልኝ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ነገሩ እንዲገባሽ አሞርዛተር ምን እንደሆነ ማወቅ አለብሽ፤ ላስረዳሽ። መኪና ጉድጓድ ሲገባ ግጭቱን የሚቀበለው ሞላ ነው። ሞላ ግን ቂመኛ ነው፤ የተጫኑትን ያህል መልሶ ይወረውራል። ብቻውን ቢተው መኪናው እንደ ኳስ እየነጠረ ይሄዳል። ስለዚህ ከሞላው ጎን ዘይት የተሞላ ቱቦ ይታሰራል፤ አሞርዛተር የሚባለው እሱ ነው። በቱቦው ውስጥ በዘንግ የሚገፋ ፒስቶን አለ። ፒስቶኑ ላይ ቀዳዳዎች አሉ፤ ቀዳዳዎቹን ደግሞ እንደ ምላጭ የሳሱ የብረት ሳህኖች ይከድኗቸዋል። ቫልቭ ማለት ይኸው ነው። ዘይቱ እነዚያን ሳህኖች እያጎበጠ፣ በጠባብ መንገድ እየተሹለከለከ ነው የሚያልፈው።

አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ መርፌ ስትወጊ የኖርሽ ነርስ ነሽና ይህ አይከብድሽም። መርፌውን ውኃ ሞልተሽ ቀስ ብለሽ ስትገፊው በቀላሉ ይፈስሳል፤ ቸኩለሽ ስትገፊው አውራ ጣትሽን ይመልስብሻል። አሞርዛተርም እንደዚያ ነው። ግን አንድ ልዩነት አለው፤ ሲገባ የሚላላና ሲወጣ የሚጠብቅ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ወደ ውስጥ ስትገፊው ዘይቱ ለስለስ ባለው ቫልቭ በኩል ያልፋል፤ ወደ ውጭ ስትስቢው ጠንካራው ይይዘዋል። ግጭቱን በቀላሉ ይቀበላል፣ የሞላውን ውርወራ ግን አጥብቆ ይይዛል።

ጠላቱ አየር ነው። አሞርዛተር መደርደሪያ ላይ ተጋድሞ ከቆየ ከዘይቱ በላይ ያለው ጥቂት አየር ሾልኮ ፒስቶኑ ዘንድ ይገባል። አየር ደግሞ ቫልቭ አያቆመውም፤ ዝም ብሎ ያልፋል። አንቺ በሽተኛ ከመውጋትሽ በፊት መርፌውን ወደ ላይ አቁመሽ፣ በጣትሽ መታ መታ አድርገሽ አየሩን እንደምታስወጪው፣ እኛም ከመግጠማችን በፊት አሞርዛተሩን አቁመን ዘንጉን እስከ መጨረሻው እንስባለን፤ ገልብጠን እንገፋዋለን፤ እንደገና አቁመን እንስበዋለን። እጃችን መሐል ላይ ባዶ ቦታ እስከማይሰማው ድረስ እንደጋግመዋለን። ይህን ሥርዓት የዘለለ ተማሪ ከእኔ ክፍል አልፎ አያውቅም።

ረቡዕ ዕለት ኃላፊው ወጣ። ለአንዱ አውቶቡስ የኋላ አሞርዛተር ሁለት አዲስ መጥቶ ነበር። ልጅሽ የቀኙን ያዘ፤ «የግራውን ለእርስዎ ትቼዋለሁ» አለኝ። አቆምኩት። ልስበው ስል ጣቶቼ ዘንጉ ላይ ተንሸራተቱ። እንደገና ሞከርኩ፤ ትንሽ ወጣና እጄ ለቀቀ። መግፋቱማ ቀላል ነው፤ መሳቡ ነው ያቃተኝ። በመጨረሻ በሁለት እጄ፣ በጉልበቴ አጣብቄ አንድ ጊዜ ሳብኩት። ባዶው ቦታ እዚያው ነበር፤ በእጄ ተሰምቶኛል። «መንገዱ ራሱ ያስወጣዋል» ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። አንዳንድ መኪና ላይ እውነት ነው። በዚያ አውቶቡስ ላይ ግን አሞርዛተሩ በጣም ዘመም ብሎ ስለሚታሰር አየሩ እንደልቡ አይወጣም። ይህንንም አውቅ ነበር።

ልጅሽ የራሱን ጨርሶ እጁን እየጠረገ መጣ። «አየሩ ወጥቷል አጎቴ?» አለኝ።

«እኔን ነው የምትጠይቀው?» አልኩት።

ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። «ይቅርታ» ብሎ ሄደ። እኔ ዋሽቼ እሱ ይቅርታ ጠየቀኝ።

ሐሙስ ጠዋት ሾፌሩ ገና ከበሩ ጀምሮ እየጮኸ ገባ። ድምፁ ከመኪናው ቀድሞ ስለሚሰማ ጡሩምባ ነው የሚሉት። «ጎበዝ፣ መኪናዬ ሌሊቱን ሙሉ እንግድነት አምሯታል መሰለኝ፣ መንገዱን በሙሉ በር ስታንኳኳ መጣች፤ እባካችሁ ግቢ በሏት!» አለ። ሁሉም ሳቀ። ኃላፊው ግን አልሳቀም። ሁለቱን አሞርዛተሮች አስፈታ። የቀኙን ገፋ፣ ሳበ፤ ደኅና ነው። የግራውን ሲስበው መጀመሪያ ላይ ባዶ ሄዶ ኋላ ያዘ። «ይህ አዲስ ነው?» አለ። «አሮጌ ነው፤ ቀለም ተቀብቷል። አዲሱን ፈርመህ የወሰድከው አንተ ነህ። የት አደረስከው?»

ልጅሽ አሞርዛተሩን አየው። ወደ እኔ ግን አላየም። «አዲሱ እሱ ነው» አለ። «አየሩ ሳይወጣ ተገጥሞ ነው። እኔ ነኝ የገጠምኩት፤ ቸኩዬ ረሳሁት።»

ኃላፊው በንዴት ሳቀ። «አንተ? የጎማ ብሎን ሦስት ጊዜ ካልዳሰስክ ምሳ የማይበላልህ ሰውዬ ረሳሁ ትለኛለህ? እነዚህ ሌሎቹ መካኒኮች ቢሉኝ አምን ነበር። አንተ አትረሳም። አንተ ካልረሳህ ደግሞ ዕቃው ተቀይሯል ማለት ነው!»

አየሽ እትዬ፣ ጥንቁቅነቱ ራሱ ከሰሰው። ልጅሽ አሞርዛተሩን ልስበውና ላሳይህ ብሎ እጁን ሲዘረጋ «አንተ አትንካው!» አለውና ወደ እኔ ዞረ። «መምህር፣ የእህትዎ ልጅ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ለዘመድ ብለው እንደማይዋሹም አውቃለሁ። አየር ከሆነ ሲሳብ ይወጣል አይደል? እስቲ እርስዎ ይሳቡትና እንየው» ብሎ አስጨበጠኝ።

የግቢው ሰው በሙሉ ከቦኝ ቆሟል። ያ ሁሉ ዓይን እጄ ላይ ነው። አየር መሆኑን አውቃለሁ። እንዴት እንደሚወጣ አውቃለሁ። «አየር ነው፤ የገጠምኩትም እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ያን ካልኩ ግን እጄ ይታወቃል፤ ወንበሬም ከቆርቆሮው ሥር ይነሣል። አሞርዛተሩን መለስኩለትና «እዚህ ቆሞ መፍረድ አይቻልም፤ በደንብ መመርመር አለበት» አልኩ።

እንዲህ ያለ መልስ ተማሪ ቢጽፍልኝ ዜሮ ነበር የምሰጠው።

«መምህር እንኳ እርግጠኛ ካልሆኑ አለቀ» አለ ኃላፊው። አሞርዛተሩን ዕቃ ቤት አስገብቶ ቆለፈበት። ጡሩምባ ከኋላ «እኔ የመኪና በር ይከፈታል ስል የሌባ በር ተከፈተ» ብሎ ተረበ፤ ማንም አልሳቀም። ልጅሽ ልብሱን ቀየረ፤ ቦርሳዬን ከወንበሩ ላይ አንሥቶ ያዘልኝና አብረን ወጣን። መንገዱን ሙሉ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። እሱ ያለኝ ነገር ቢኖር «አጎቴ፣ ፀሐዩ ከረረ፤ በጥላው በኩል እንሂድ» ብቻ ነው።

እትዬ፣ «እንደ ዓይንህ ብሌን ጠብቅልኝ» ብለሽ ነበር የላክሽልኝ። አደራሽን በላሁ።

ዓርብ ቀን በሙሉ አንድ ቤት ውስጥ ተቀምጠን ዓይን ለዓይን ሳንተያይ ዋልን። ቁጣ ጠብቄ ነበር። ቢቆጣኝ እኔም እቆጣ ነበር፤ መምህርነቴን አንሥቼ፣ ዕድሜዬን አንሥቼ አፉን አስይዘው ነበር። እሱ ግን ሸሚዜን ተኩሶ ሰቀለልኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በምሳሌ ሳስተምር ስለኖርኩ አሁን ስለ ሞላና ስለ ቫልቭ ምሳሌ ብሰጥሽ እንደ ልማዴ ይሆንብኛል፤ አንቺው አስቢው። እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው፤ እንደ ልጅሽ ያለ ሰው በዚህ ዕድሜዬ አላየሁም። ይህ መስመር ተሰርዞ ካገኘሽው የሰረዝኩት እኔ አይደለሁም።

ትናንት ጠዋት አዲስ የማርማላታ ብርጭቆ ገዝቼ ገባሁ። ማእድ ቤት ቆሜ ክዳኑን ታገልኩት፤ በፎጣ ይዤ ሞከርኩ፤ አቃተኝ። መደርደሪያው ላይ አስቀምጬ ፊቴን ልታጠብ ሄድኩ። ስመለስ ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ፣ ከዳቦዬ አጠገብ ነበር። ክዳኑ እላዩ ላይ ጣል ተደርጓል። ልጅሽ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ጫማውን ይጠርጋል፤ ቀና ብሎ አላየኝም።

የዘይቱን ጠርሙስ አየሁት። የስኳሩን ዕቃ አየሁት። የመድኃኒቴንም ብልቃጥ አየሁት።

እትዬ፣ ስለ ክዳን ያቀረብኩልሽን ክስ ከዛሬ ጀምሮ አንሥቻለሁ። ያን ዕለት ስለ ስኳሩ የተናገርኩትንም አንሥቻለሁ።

ዛሬ ከምሳ በኋላ ይህን ደብዳቤ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ። «ለምወድሽ» ከሚለው ሳላልፍ ብዕሩ ከእጄ ወደቀ። አነሣሁት፤ ወደቀ። ሦስተኛ ወረቀት ሳበላሽ ልጅሽ ከወዲያኛው ክፍል መጥቶ ወንበር ሳበና «አጎቴ፣ እርስዎ ይናገሩ፣ እኔ ልጻፍ» አለኝ። ምን ልጽፍ እንደፈለግሁ አልጠየቀኝም። ስለዚህ እዚህ ላይ ያነበብሽውን ሁሉ፣ ረቡዕንም ሐሙስንም፣ ፊት ለፊቱ ነው የተናገርኩት። አንድም ቃል አላቋረጠኝም። የሐሙሱ ጋ ስንደርስ ብቻ ብዕሩን አስቀምጦ ውኃ አመጣልኝ።

አሁን ደግሞ እሱም ያልሰማውን እናገራለሁ፤ አብራችሁ ስሙት። ነገ ቦርዱ ከመሰብሰቡ በፊት ጋራዡ እሄዳለሁ። አሞርዛተሩን ከተቆለፈበት እንዲያወጡት እጠይቃለሁ። የገጠምኩት እኔ መሆኔን፣ ሲጠይቀኝ መዋሸቴን፣ ሐሙስም አውቄ ዝም ማለቴን በሁሉም ፊት እናገራለሁ። ከዚያ መጀመሪያ እኔ እስበዋለሁ፤ እጄ እንዴት እንደሚከዳኝ ይዩት። ቀጥዬ ለጡሩምባ እሰጠዋለሁ። ለልጅሽ አልሰጠውም፤ በእጁ አንድ ነገር አደረገ እንዳይሉት። ጡሩምባ እያቆመ ይሳብ፣ እየገለበጠ ይግፋ። ባዶው ቦታ ሲጠፋ ኃላፊውም ቦርዱም በየእጃቸው ይሞክሩት።

እዚህ ላይ ብዕሩ ቆመ። «አጎቴ፣ ከዚያ በኋላ እኮ ከበሩ ነው የሚመልሱዎት» አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። «እኔ ወጣት ነኝ፣ ሌላ ሥራ አላጣም፤ እርስዎ ግን ቀኑን ሙሉ የት ይውላሉ?» አለኝ። የነገርኩህን ጻፍ አልኩት። «ይህንንም ልጻፍ?» አለኝ። ይህንንም ጻፍ አልኩት። ዓይኑን በክንዱ ጠርጎ ጻፈው። ወረቀቱ ላይ የረጠበ ነገር ካየሽ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ የእኔም ሊሆን ይችላል።

እትዬ፣ ይቅርታሽን አልለምንሽም። ነገ ከጋራዡ ተመልሼ የሆነውን ሁሉ አጽፌ ስልክልሽ፣ አይተሽ ያን ጊዜ ብትሰጪኝ ይሻለኛል። እስከዚያው ለልጅሽ ጸልዪለት። ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ጆሮሽን መልካም ነገር ብቻ ያሰማው፤ ልጅሽን አቅፈሽ ለመሳም ያብቃሽ።

ፖስታውንም የሚዘጋው እሱ ነው። አጥብቀህ ዝጋው ብዬዋለሁ፤ ይህን የምትከፍተው እናትህ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም።

ከታች ያለችውን ጠማማ መስመር ግን በገዛ እጄ ነው የጻፍኳት።

ታናሽ ወንድምሽ